የሁለተኛው ልጅ የጎጥ ዝርዝር ተቀላቀለብኝ፣ ኤክስፎርምስ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

የልጆች ክትባት መመዝገቢያ ቅጽ በኤክስፎርምስ 1.1 (በኤክስኤምኤል የሚጻፍ የቅጽ መሥሪያ ቋንቋ) እየሠራሁ ነው። በሪፒቱ (ለእያንዳንዱ ልጅ በሚደገመው የቅጹ ክፍል) ውስጥ ለየልጁ መጀመሪያ ቀበሌ ይመረጣል። ከዚያ የዚያ ቀበሌ ጎጦች ብቻ መውጣት አለባቸው። የጎጦቹ ዝርዝር ያለው በሌላ ኢንስታንስ (ቅጹ መረጃ በሚይዝበት ሌላ ሰነድ) ነው። (የኤለመንቶቹን ስም በአማርኛ ነው የሰጠሁት፤ ኤክስኤምኤል ይቀበላል።)

መጀመሪያ ማጣሪያውን እንዲህ ጻፍኩት፦

ጎጥ[ቀበሌ = ኢንስታንስ('ዋና')/ልጅ/ቀበሌ]

ለአንድ ልጅ በደንብ ሠራ። ሁለተኛ ልጅ ስጨምር ጉድ ፈላ። አንዱን 01፣ ሌላውን 03 ብዬ ስሞላ የሁለቱም ቀበሌ ጎጦች በሁለቱም ልጆች ላይ ወጡ። ምክንያቱ ገብቶኛል፦ ኤክስፓዝ (ከሰነዱ ውስጥ መረጃ የምንመርጥበት ቋንቋ) በእኩል ምልክት ሲያወዳድር፣ ከልጆቹ የአንዱ ቀበሌ ብቻ ከገጠመለት እውነት ነው ይላል።

ከዚያ [ቀበሌ = ../ቀበሌ] አልኩት («..» አንድ ደረጃ ወደ ላይ ማለት ነው)። ዝርዝሩ ጭራሽ ባዶ ሆነ። ቅንፉ ውስጥ ሲገባ መነሻው ጎጡ እንጂ ልጁ አይደለማ!

አሁን [ቀበሌ = ከረንት()/ቀበሌ] ላይ ነኝ፤ ከረንት() ከቅንፉ ውጭ ያለውን መነሻ የሚመልስ ፈንክሽን ነው። አሁንም ባዶ። የስህተት መልእክት እንኳ የለም።

ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ በአይተምሴት (የመምረጫውን ዝርዝር በሚያወጣው ኤለመንት) ውስጥ ከረንት() የሚቆመው የት ነው? ልጁ ላይ ነው ወይስ መምረጫው በታሰረበት «የሚኖርበት_ጎጥ» ላይ? ሁለተኛው ከሆነ አንድ ደረጃ ወደ ላይ መውጣት ሊኖርብኝ ነው። መፍትሔውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ልጅ በማይኖርበት ጎጥ ከተመዘገበ ከታቢዋ ቤቱን አታገኘውም፣ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው።