ከዊንአይሲስ ወደ ኮሃ፦ መዝገቡን እንለውጥ ወይስ ፍለጋውን?

የካታሎግ ክፍል፦
ጤና ይስጥልኝ የሙያ ባልደረቦቼ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዩኔስኮ ያከፋፍለው በነበረው በዊንአይሲስ የመረጃ ቋት ፕሮግራም የመዘገብነውን የመጻሕፍት መዝገብ ኮሃ ወደተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር እያዛወርን ነው። ሰርቨሩ ተተክሏል፤ የእንግሊዝኛ መጻሕፍቱም በማርክ 21 (ኮምፒውተር በሚያነበው የካታሎግ መዝገብ ቅርጽ) ያለ ችግር ገብተዋል። የቸገረን አማርኛው ነው።

አንድ የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ «ሀይለ ስላሴ» ብሎ ፈለገና ምንም አላገኘም። መጻሕፍቱ ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ነበሩ። የተመዘገቡት ግን ርእስ ገጻቸው ላይ እንደታተመው «ኃይለ ሥላሴ» ተብለው ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ቃል ደግሞ ሥ ወይም ስ፣ ሴ ወይም ሤ አለ። አንዱ ስም በ24 መንገድ ይጻፋል ማለት ነው፤ ያውም ተያይዞ ሲጻፍና «ኃ/ሥላሴ» ተብሎ ሲያጥር ሳይቆጠር።

ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ መዝገቡን በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ አንድ ዓይነት ፊደል መለወጥ ነው፤ ሐም ኀም ሀ ይሁኑ፣ ሠ ሰ ይሁን። ሥራው በአንድ ቀን እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደራሲው ያሳተመውን የምናርምበት ሥልጣን ከየት አገኘን? መዝገቡ ሳይነካ ፍለጋው ብቻ የሚስተካከልበትን መንገድ በተግባር የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ስብሰባው ሰኞ ነው።

ፕሮግራም ጸሐፊው፦
እህቴ፣ መዝገቡን አታስነኪ። መንገዱ አለ።

ኮሃ ሲፈልግ የሚያገላብጠው መዝገቡን ራሱን ሳይሆን ከመዝገቡ የተሠራውን ማውጫ ነው። የኮሃን ማውጫ የሚሠራውን ዜብራ የተባለ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ማውጫው አይሲዩ በተባለው የፊደል ማስተናገጃ ደንብ እንዲሠራ አድርጉ። በደንቡ ፋይል ውስጥ «ሐ እና ኀ እንደ ሀ ይቆጠሩ» የሚል ትርጉም ያላቸው መተኪያ መስመሮች ይጨመራሉ። ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እያላችሁ ከግእዝ እስከ ሳብዕ በሙሉ ጻፉት። በሀ እና በአ ቤት ግእዙና ራብዑም መገናኘት አለባቸው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ «ዓለም» ብሎ የፈለገ «አለም»ን የማያገኘውም በዚህ ነው። ከዚያ ማውጫው እንደገና ይሠራል። ተማሪው የሚጽፈውም ቃል በዚያው ደንብ ስለሚያልፍ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ርእስ ገጹ ላይ ያለው አጻጻፍ ነው።

ለኮሚቴው ይህን በይልኝ፦ ደንቡ ባይጥማቸው ነገ ይቀይሩታል። መዝገቡ ከተለወጠ ግን የትኛው ሀ ድሮ ኃ እንደነበረ የሚነግራቸው አይኖርም።

የድሮ ርእሶች በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ (፡) አላቸው። እሱም እንደ ቃል መለያ መቆጠሩን በሙከራ አረጋግጡ። የደንቡን ፋይል ቅጂ ደግሞ ለብቻ አስቀምጡ። ኮሃ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ ስታሻሽሉ የቀድሞው ፋይል በአዲሱ ከተተካ ፍለጋው ድምፅ ሳያሰማ ወደ ድሮው ይመለሳል።

የግእዝና የትግርኛ ስብስብ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። እነዚህ ፊደላት አንድ ድምፅ የሆኑት ለአማርኛ ነው። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ ብርሃኑ ታየ ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነው። በትግርኛም ሐ ከሀ፣ ዐ ከአ በድምፅ ይለያሉ። በአንድ ትእዛዝ መዝገቡን የሚለውጥ ሰው የእነዚህን ቋንቋዎች መጻሕፍት አብሮ ያበላሻል። ማውጫው ላይ ሲሆን ጉዳቱ ጥቂት ትርፍ ውጤት ማምጣቱ ብቻ ነው። እሱንም ለመቀነስ በማርክ 008 መስክ ከቦታ 35 እስከ 37 ያለውን የቋንቋ ኮድ በትክክል ሙሉ፤ ያኔ ፍለጋውን በቋንቋ ማጥበብ ይቻላል።

ጡረተኛው ካታሎገር፦
ልጄ፣ በካርድ ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝና ስለ ፕሮግራሙ ከእኔ የተሻሉት ተናግረዋል። እኔ ስለ ስምና ስለ ዘመን ልንገርሽ።

የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ወደ ፊት ከመጣ ደራሲው ጠፋ ማለት ነው። የእኛ ሰው በራሱ ስም ይመዝገብ፤ የደራሲው ስም በሚገባበት በማርክ 100 መስክ የመጀመሪያው አመልካች 0 (በራስ ስም የሚጀምር) ይሁን። በጅምላ ሲዛወር ለሁሉም 1 (በቤተሰብ ስም የሚጀምር) እየተሰጠ የገባ ብዙ አይቻለሁ።

ዘመኑ ደግሞ ይባስ። መጽሐፉ 1965 ዓ.ም. ካለ በሚታየው መስክ እንዳለ ይጻፍ፤ አጠገቡ በቅንፍ 1972 ወይም 1973 እ.ኤ.አ. ይጨመር። በ008 ውስጥ የሚገቡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ዝም ብለሽ 1965 ካስገባሽው በ1970 እ.ኤ.አ. ከታተመ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቀድሞ ይሰለፋል፤ ስለ አብዮቱ ዋዜማ የሚያጠና ተማሪ ቅደም ተከተሉ ሁሉ ይዛባበታል።

የካታሎግ ክፍል፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባቴ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሙከራ ሰርቨሩ ላይ ደንቡን አስገብተን ማውጫውን እንደገና ሠራነው። «ሀይለ ስላሴ» ብለን ጻፍን፤ «ኃይለ ሥላሴ» በሙሉ ክብሩ መጣ! ሰኞ ለኮሚቴው የማሳየው ይህንኑ ነው፤ ከክርክር ይልቅ ይህ ያሳምናቸዋል ብዬ አምናለሁ። በመስኩ አመልካቾች ላይም ሥራ ጀምረናል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) በፊት በነበሩ የግእዝ ፎንቶች የገቡ መዝገቦች አሉን፤ ኮሃ ውስጥ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይታያል። እንደ አዲስ ከመጻፍ ሌላ መላ አለ?

ፕሮግራም ጸሐፊው፦
አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። መጀመሪያ የትኛው መዝገብ በየትኛው ፎንት እንደገባ ለዩ፤ ለእያንዳንዱም የራሱን መተኪያ ሰንጠረዥ ሥሩ። አንዳንዶቹ አንዱን ፊደል በሁለት ምልክት ስለሚሠሩት ባለ ሁለቱ ከባለ አንዱ ቀድሞ ይተካ፤ አለዚያ ፊደሉ ለሁለት ይሰነጠቃል። ዋናውን ፋይል ሳትነኩ በቅጂው ላይ ሥሩና ውጤቱን ከመደርደሪያው መጽሐፍ ጋር እያስተያያችሁ አንብቡ። ሰንጠረዡን እኔም አለኝ፤ የፎንቶቹን ስም ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።