ሳንድዊች ለማይነካ ልጅ ምሳ ምን ይሻላል?

የአንድ ልጅ እናት
ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ቁርስና እራት ላይ ብዙም አያስቸግርም፤ ጭንቁ ምሳ ላይ ነው። ሳንድዊች በቺዝም፣ በእንቁላልም፣ በቱናም ቢሆን አይነካም። ይከፍተዋል፣ ውስጡን ያያል፣ ይገፋዋል። ዳቦ ብቻውን ከሆነ ግን ይበላል፤ ቺዝም እንዲሁ። ሌላ ሁልጊዜ የሚበላው ሙዝ፣ ስጎ ያልነካው ፓስታ፣ ሩዝ፣ እርጎና የተቀቀለ ድንች ነው። ከአትክልት ካሮት ብቻ። ሥጋ ያላምጥና ይተፋዋል። በሳምንት 3 ቀን ማቆያ ስለሚውል በምሳ ዕቃ የሚያዝ፣ ቢቀዘቅዝም የሚበላ ነገር እፈልጋለሁ። እባካችሁ ከነመጠኑና ከነአሠራሩ ንገሩኝ።

ማዕድ
እህቴ፣ ዳቦውንም ቺዙንም ለየብቻ ከበላ የጠላው ምግቡን አይደለም፤ መደራረቡን ነው። በዚህ ዕድሜ ልጆች ምን እንደሚጎርሱ በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ። ሳንድዊች ደግሞ ውስጡን ይደብቃል። በዚያ ላይ ዳቦው ለስላሳ፣ መሐሉ እርጥብና የሚንሸራተት ስለሆነ በአንድ ጉርሻ ሁለት ሦስት ዓይነት ነገር አፉ ውስጥ ይገባል። ለስላሳ ዳቦ በምራቅ ሲርስ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፤ ይህን የማይወዱ ልጆች ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ሳንድዊቹን በትኚው። ክፍልፍል ያለው ምሳ ዕቃ ካለሽ በአንዱ በጣት ቅርጽ የተቆረጠና ጠበስ ያለ ዳቦ፣ በሌላው በስስ የተቆረጠ ቺዝ፣ በሦስተኛው የበሰለ ካሮት፣ በአራተኛው ደግሞ የማያውቀውን አንድ ነገር አድርጊ። ሁለቱ ክፍል ሁልጊዜ የሚበላው፣ አንዱ አንዳንዴ የሚበላው፣ አንዱ አዲስ ይሁን። እንዲህ ከሆነ አዲሱን ባይነካው እንኳ ጦሙን አይውልም፤ አንቺም «እባክህ ቅመስ» እያልሽ አትለማመጪም።

መጠኑን አሳንሺ። ለአንድ ዓይነት ምግብ መነሻው በዕድሜው ልክ በየዓመቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ለእሱ 2 ማንኪያ ፓስታ፣ 2 ማንኪያ ካሮት ይበቃል። ካነሰው ይጨመርለታል። አዲሱ ነገር ግን ከአንዲት የአተር ፍሬ ባይበልጥ ይመረጣል። የተሞላ ሰሃን ገና ሲያየው ልጁን ያስፈራዋል፤ ብዙ ጊዜ «ልጄ ምንም አልበላም» የሚባለውም የቀረበው ከመነሻው ስለበዛ ነው።

ልጅ አንድን ምግብ እስኪለምድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅረብ ሊያስፈልገው ይችላል። መንካት፣ ማሽተት፣ ልሶ መተው፣ ጎርሶ መትፋት ሁሉም የመልመድ ደረጃዎች ናቸው። አብዛኛው ቤት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው «ይህን አይወድም» ብሎ ያቆማል። ማስገደድ፣ በጣፋጭ መደለል፣ ሲበላ ማጨብጨብ እንኳ ምግቡን የክርክር ጉዳይ ያደርገዋል። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ አንቺ ትወስኛለሽ፤ መብላትና አለመብላቱን፣ መጠኑንም እሱ ይወስን። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ካለፈ ያለ ቁጣ ይነሣ።

ሥጋ መትፋቱ በአብዛኛው የጥርስ ጉዳይ ነው። ሁለተኛዎቹ የወተት መንጋጋዎች ብዙውን ጊዜ ከ23 እስከ 33 ወር ባለው ጊዜ ይወጣሉ፤ እነሱ በደንብ እስኪወጡ ክር ክር ያለ ሥጋ መፍጨት ይከብዳል። ከደረት ይልቅ የዶሮ ጭን ሥጋ ቀቅለሽ በጣም አድቅቀሽ፣ በቀቀልሽበት መረቅ አርጥበሽ ሞክሪ። ደረቅ የደረት ሥጋ አፍ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ኳስ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ልጁ ከመትፋት ሌላ አማራጭ የለውም።

ከኩሽና
ማዕድ ያለችው ልክ ነው። እኔ ቀዝቅዘው የሚበሉ ሦስት ነገሮች ልጨምር፤ ሦስቱም በእጅ ይያዛሉ።

የመጀመሪያው በትንንሽ የኬክ ቅርጽ የሚጋገር እንቁላል ነው። 4 እንቁላል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ 30 ግራም የተፈቀፈቀ ቺዝ፣ አንድ ትንሽ የተፈቀፈቀ ካሮት። ካሮቱን በጥቂት ዘይት 3 ደቂቃ ያህል አብስዪው፤ ጥሬው ከገባ ከእንቁላሉ ጋር እኩል አይበስልም። ቅርጹን እስከ ጠርዙ ዘይት ቀቢ፤ እንቁላል መያዝ የሚጀምረው ከላይኛው ጠርዝ ነው። ኦቨኑ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጊዜው ከ15 እስከ 18 ደቂቃ። መሐሉ መወዛወዝ ሲያቆም አውጪው። ሲወጣ ተነፍቶ ቆይቶ ይወርዳል፤ ያ ጤነኛ ነው። ከልክ በላይ ከቆየ እንቁላሉ የያዘውን ውኃ ይለቅና ይደርቃል፣ ለመታኘክም ያስቸግራል። በካሮቱ ፈንታ ዝኩኒ ከሆነ ፈቅፍቀሽ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀሽ ጭመቂው፤ አለዚያ ታቹ ውኃ ያቁራል።

ሁለተኛው የምስር ክክ ኮቶሌት። 100 ግራም ምስር ክክ በ300 ሚሊ ሊትር ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ቀቅዪና በወንፊት አጥልዪው። ሲበርድለት 50 ግራም አጃ፣ 1 እንቁላል፣ አንድ የተፈቀፈቀ ካሮትና ቁንጥር ከሙን አዋህጂ። ከዚያ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ይህችን ደቂቃ አትዝለዪያት፤ አጃው ውኃውን የሚመጠው ያኔ ነው፤ መጥበሻ ላይ የሚፈርሰውም ሳያርፍ የተጠበሰው ነው። አሁንም ከላላ አጃ በማንኪያ በማንኪያ ጨምሪ እንጂ ዱቄት አትገልብጪበት፤ ዱቄት ሲበርድ ያደነድነዋል። በጣት ቅርጽ ድብልብለሽ በመካከለኛ እሳት በእያንዳንዱ ጎን 3 ደቂቃ ያህል ጥበሺ። ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ከቀረ እሳቱ በዝቷል። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚጠነክር ለምሳ ዕቃ የሚመች ነው።

ሥጋ ለማይበላ ልጅ ይህኛው ዋና ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊግራም ያህል ብረት ያስፈልገዋል፤ ምስርም ከዕፅዋት ምግቦች መካከል ጥሩ የብረት ምንጭ ነው። ከዕፅዋት የሚገኝ ብረት ግን ብቻውን በሚገባ አይመጠጥም፤ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር በዚያው ገበታ ላይ ሲኖር ይሻላል። ከጎኑ ሁለት ሦስት የብርቱካን ፍልቃቂ ወይም በደቃቁ የተከተፈ ቲማቲም አድርጊለት።

ሦስተኛው የሙዝ ፓንኬክ፦ አንድ በጣም የበሰለ ሙዝ፣ አንድ እንቁላል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ አጃ። እሳቱ ዝቅ ይበል፤ የሙዙ ስኳር ቶሎ ያራል። በአንድ ማንኪያ ሊጥ አንድ ትንሽ ፓንኬክ አድርጊ፤ ከዚያ ከተለቀ ሲገለበጥ ይቆረሳል።

ፓስታው ላይ አንድ ነገር ልበል። ለምሳ ዕቃ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው 1 ደቂቃ አስበልጠሽ ቀቅዪው፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራልና። በቅቤ ሳይሆን በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት እሺው፤ ቅቤ ቀዝቅዞ ይረጋል። ስጎውን ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ ለብቻ ላኪ፤ ይንከረው ወይም ይተወው፣ ፓስታው ላይ ግን አይፈሰስበት።

ቀጭን ስልት
አትክልት እንቢ ካለ አበባ ጎመን ቀቅሎ ፈጭቶ ድንቹ ውስጥ መደባለቅ አይቀልም? በቀለሙ አይለየውም።

ማዕድ
ለንጥረ ነገሩ ሲባል ይቻላል፤ ግን አበባ ጎመኑ በዓይን የሚታይበት ሌላ ጊዜም ይኑር። ያልታየ ምግብ አይለመድም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ልጁ የደበቁበትን አንድ ቀን ካወቀ የሚያምነውን ድንች እንኳ ሊተው ይችላል፤ የሚበላው ዝርዝር አጭር ሲሆን አንድም ማጣት ከባድ ነው። ፓስታ፣ ሩዝና ድንቹ ላይ ምንም ባይደበቅባቸው እመርጣለሁ። መደበቅ ካስፈለገ እንደ ፓንኬክ ያለ ከመጀመሪያውም ድብልቅ የሆነ ነገር ውስጥ ይሁን።

የአንድ ልጅ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅማችሁኛል። ሁለት ጥያቄ፦ ማታ የተረፈ ሩዝ በማግስቱ ምሳ ዕቃ ውስጥ ቢገባ ችግር አለው? ደግሞ ከምሳ በፊት አንድ ጡጦ ወተት ይጠጣል፣ በመሐል ብስኩትና ጭማቂም አለ። ይህ ምሳውን ይዘጋው ይሆን?

ትንሽ ሆድ
ይዘጋዋል። ከሁለተኛው ልጀምርና፣ ለዚህ ዕድሜ የላም ወተት በቀን 500 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይበቃል። ወተት ሆድ ይሞላል፣ ብረት ግን እምብዛም የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ወተት ጠጥቶ ጥቂት የሚበላ ልጅ የደም ማነስ ሊያገኘው ይችላል። ወተቱን ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ በኩባያ ስጪው፤ ጡጦውን ብታስቀሪው ደግሞ የሚጠጣው በራሱ ይቀንሳል። ጭማቂ ከ1 እስከ 3 ዓመት በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይለፍ፤ ባይኖርም አይጎዳም። መክሰስና ምሳ መካከል ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይለፍ፤ በመሐል ውኃ ብቻ። ይህን ካስተካከልሽ ከምግቡ ዓይነት በፊት ለውጥ የምታዪው እዚህ ላይ ነው። ማቆያው ብስኩት የሚሰጥበትን ሰዓትም ጠይቂ።

ስለ ሩዙ መጠንቀቅሽ ተገቢ ነው። ሩዝ ላይ የሚገኝ አንድ ባክቴሪያ ዘሩ በመቀቀል አይሞትም፤ ሩዙ ውጭ ካደረ ይራባና መርዝ ይፈጥራል፣ ያ መርዝ ደግሞ ቢሞቅም አይጠፋም። በሰፊ ሰሃን በትነሽ በ1 ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዢውና ፍሪጅ አስገቢ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ይበላ። ድስቱ ውስጥ ከነሙቀቱ ያደረውን ጣዪው።

በሙቅ መላክ ከፈለግሽ ፔርሙዙን መጀመሪያ በፈላ ውኃ ሙዪና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አቆይተሽ ድፊው፤ ከዚያ የሚፋጅ ምግብ ጨምሪ። ቀዝቃዛ ፔርሙዝ የምግቡን ሙቀት ራሱ ይወስድና እስከ ምሳ ለብ ያለ ብቻ ይቀራል፤ ለብ ያለ ምግብ ደግሞ ለባክቴሪያ ምቹ ነው። ለልጁ ሲሰጥ መብረድ እንዳለበት ለተንከባካቢዋ ንገሪያት። በቀዝቃዛ የሚሄደው ከፍሪጅ በቀጥታ ወጥቶ ከበረዶ ከረጢት ጋር ይታሸግ። እንቁላል፣ እርጎና ሥጋ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆዩ።

ማንም ያላነሣው ማነቅን ነው፤ ማቆያ ውስጥ አንድ ሰው ብዙ ልጅ ስለሚጠብቅ ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ወይን በቁመቱ ለአራት ይቆረጥ፤ ቋሊማ በክብ በክብ ሳይሆን በቁመቱ ይሰንጠቅ። ጥሬ ካሮትና ጠንካራ ፖም ይፈቀፈቁ ወይም ይብሰሉ። ሙሉ ለውዝና ፈንዲሻ ምሳ ዕቃው ውስጥ አይግቡ። የለውዝ ቅቤ ማቆያው ከፈቀደ በስሱ ይቀባ እንጂ በማንኪያ አይሰጥ። ቺዙም ቢሆን በዳይ ቅርጽ ሳይሆን በስስ ይቆረጥ።

እስካሁን የጻፍሽው ዝርዝር አያስጨንቅም። ክብደቱ ከቀነሰ ወይም መጨመር ካቆመ፣ ሲበላ ደጋግሞ ትን ካለው ወይም ካስመለሰው፣ ወይም የሚበላቸው ነገሮች እየተቀነሱ ከሄዱ ግን ለሐኪም አሳዪው።

ከኩሽና
ለሦስቱ የማቆያ ቀናት እንዲህ ጀምሪ። አንድ ቀን፦ የተጋገረ እንቁላል፣ የተጠበሰ ዳቦ በጣት ቅርጽ፣ ሙዝ፣ ሁለት ፍሬ የበሰለ አተር በሹካ ጠፍጥፎ። አንድ ቀን፦ በዘይት የታሸ ፓስታ፣ ቺዝ፣ ካሮት፣ ለብቻዋ አንድ የሻይ ማንኪያ ስጎ። አንድ ቀን፦ የተቀቀለ ድንች፣ እርጎ፣ ብርቱካን፣ ከምስር ኮቶሌቱ ጥግ የተቆረሰች። አተሩን ወይም ኮቶሌቱን ቢመልሰውም በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ያህል መልሰሽ ላኪ፤ መጠኑን የምትጨምሪው መብላት ሲጀምር ነው። ካሮቱ በሁለት ጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ ይብሰል፤ ኮቶሌቱን ደግሞ አንድ ጊዜ ሠርተሽ እየለያየሽ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ማድረግና በየሳምንቱ በዋዜማው ማታ ወደ ፍሪጅ እያወረድሽ ማቅለጥ ትችያለሽ።