እናቴ ያለችበት መጦሪያ ቤት አሳስቦኛል፤ ምን ላድርግ?

እባካችሁ ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ ስምንት አረጋውያን ብቻ በሚኖሩበት ትንሽ መጦሪያ ቤት ውስጥ ናት። ከአልጋ ራሷን ችላ መነሳት አትችልም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም ደጎች ናቸው። ችግሩ ሌሊት ነው። የምታድረው አንዲት ተንከባካቢ ብቻ ናት።

ባለፈው ሳምንት ከወገቧ ዝቅ ብሎ ቆዳዋ ቀልቶ አየሁ። በጣቴ ስጫነው ቅላቱ አልጠፋም። የአልጋ ቁስል እንዲህ እንደሚጀምር አውቃለሁ። ስጠይቅ «በየ2 ሰዓቱ እናገላብጣታለን» አሉኝ። መዝገቡን ሳየው ግን የሌሊቱ በሙሉ ባንዴ ተቀምጦ የተሞላ ይመስላል። የመድኃኒት መዝገቡም የሁለት ቀን ባዶ ነው። መፈረም ረስተው ነው ወይስ ሳይሰጧት ቀርተው? የደም ማቅጠኛ ስለምትወስድ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ኃላፊዋን ባናግር ቂሙ እናቴ ላይ እንዳይወጣ ፈራሁ። (እሷም «ተይ ልጄ፣ አታስቀይሚያቸው» ትለኛለች።) ሌላ ቦታ እንዳላዛውራት ደግሞ የመርሳት ችግር ጀምሯታል፤ አዲስ ቤት ይበልጥ ያደናግራታል።

እንዲህ የገጠማችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ፣ በቃል ልጠይቅ ወይስ በጽሑፍ? ሳልናገር ሌሊት ብሄድስ ነውር ነው? ወይስ መጀመሪያ ቆዳዋን የሚያይ ሐኪም ልጥራ?