የቅዳሜ ዮጋ በኮሚናል፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ዕቅዱ ይኸው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ኮሚናል (የግቢያችን የጋራ ቤት) ውስጥ፣ ለ12 ሳምንት። አሰልጣኟ በቀን 1,500 ብር ጠይቃለች፤ 18,000 ይመጣል። 20 ምንጣፍ በ1,200 ብር፣ 24,000። በድምሩ 42,000። ካዝና ያለው 60,000 ነው። እሁድ ስለሚቀርብ እስከ ሐሙስ ሐሳባችሁን ጻፉ።

ብሎክ 4፦ እኔ እደግፋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሒሳብ ስሠራ ወገቤ አለቀ። ኪኒን ሆዴን አቃጠለኝ እንጂ አላሻለኝም። ዮጋ ከጀመርኩ ወዲህ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበርም በፈረንጆች 2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ይሞከሩ ካላቸው አንዱ ዮጋ ነው።

ብሎክ 9፦ ቅዳሜ 1 ሰዓት እዚያ እንጀራ ይጋገራል። ይሄን የማያውቅ አለ?

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ በ3 ሰዓት ቢጋገርስ?

ብሎክ 9፦ ሌሊት ተነስቼ ነው አብሲት የምጥለው። ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ማንንም አይጠብቅም። ሲያልፍበት ይኮመጥጣል፣ ዓይንም አያወጣም። ደንበኞቼ ይመልሱልኛል። የልጆቼ ትምህርት ቤት የሚከፈለው ከዚህ ነው።

ብሎክ 12፦ ጭሱስ? በረጅሙ ተንፍሱ እየተባልን የእንጨት ጭስ ልንስብ ነው?

ብሎክ 2፦ ስሙ ይቀየር። ዮጋ ከሌላ እምነት የመጣ ነው። እኛ ስግደት አለን።

ብሎክ 4፦ መነሻው ከህንድ እምነቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን አልክድም። ቃሉ በሳንስክሪት ማጣመር ነው፤ በሬ በቀንበር እንደሚጠመድ። እኛ የምንሠራው ግን ሰውነት ማፍታታትና አተነፋፈስ ብቻ ነው። ማንም አይገደድም።

ብሎክ 2፦ እንግዲያው "የሰውነት ማፍታቻ" ተብሎ ይጻፍ። ልጆቼንም አመጣለሁ።

ጸሐፊ፦ ተቀይሯል።

ብሎክ 5፦ ነርስ ነኝ፣ አንድ ነገር ልበል። ግላኮማ ያለበት ጭንቅላቱን ወደታች የሚያደርግበትን እንቅስቃሴ ይተው። ደም ግፊቱ ያልተስተካከለና ነፍሰ ጡር የሆነች ቀድመው ይናገሩ።

ብሎክ 7፦ ለምትተኙበት ምንጣፍ 24,000 ብር! ጣሪያው ሦስት ክረምት ሙሉ ሲያፈስ ገንዘብ የለም ተባለ። ባለፈው ለቅሶ ላይ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል።

ብሎክ 4፦ ጋሼ፣ "ምትተኙበት" አይበሉ። መጋደም ያለው መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ደረጃ የምትወጣው ግድግዳ ይዛ ነበር። በአንድ እግር መቆምን ቀስ በቀስ ተለማመደችና ዛሬ ብቻዋን ትወርዳለች። እኔም እሷን ሳስታምም እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ትንፋሽን አርዝሞ ሲያወጡት የልብ ምት ዝግ ይላል፣ የተወጠረ ሰውነት ይላላል። ሌሊት የረዳኝ እሱ ነው። ለዚህ ነው የምለፋው።

ብሎክ 9፦ እናትሽን እግዜር ይጠብቅልሽ። እኔም ምጣድ ፊት ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ተቆርጧል። ማን ጠየቀኝ? ስለ ወገብ ስታወሩ እኔን ከምጣዴ አንስታችሁ ነው?

ብሎክ 12፦ ምጣድ ለንግድ ከሆነ ኪራይ ይከፈልበት!

ብሎክ 9፦ በሠርግህ ቀን የማንን እንጀራ ነው ያበላኸው?

ሰብሳቢ፦ በቃ! እዚህ ግቢ አብረን ነው የምንኖረው። አሰልጣኟ ከሰዓት 11 ላይ ትችል እንደሆን የሚጠይቅ ሰው እፈልጋለሁ።

ብሎክ 12፦ እኔ ዛሬውኑ እደውላለሁ። እትዬ፣ ይቅርታ፣ አፌ አመለጠኝ።

ብሎክ 9፦ ይሁን።

ሰብሳቢ፦ ረቡዕ ሆነ። ብሎክ 12፣ ምን አለችህ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሒሳቡን እንደገና አየሁት። ምንጣፍ ሁሉም ከቤቱ ያምጣ። በተረፈው 24,000 የመጋገሪያው ጥግ በቆርቆሮ ይከለል፣ ጭስ ማውጫም ይሠራለት።

ብሎክ 7፦ መጀመሪያ ጣሪያው።

ብሎክ 9፦ ከፍ ያለ መደብም ይሠራልን። ቆመን እንጋግር። ወገብ የሚድነው እንደዛ ነው።

ብሎክ 5፦ እውነቷን ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ ለሚውል ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት ማፍታታት ብቻውን አይበቃም።

ብሎክ 4፦ በመደቡ እስማማለሁ። 12ቱ ሳምንት ግን እንዳይነካ። በሁለት ቀን የሚገኝ ለውጥ አይደለም።

ሰብሳቢ፦ ብሎክ 12?

ጸሐፊ፦ ለእሁድ የሚቀርበው እንዲህ ሆኗል። "የኮሚናል ዕድሳትና የሰውነት ማፍታቻ።" መደብ፣ ጭስ ማውጫ፣ የጣሪያ ጥገና። ማፍታቻው ለ4 ሳምንት፣ 6,000 ብር። ሰዓቱ አልተወሰነም፣ ከአሰልጣኟ ጋር የተነጋገረ የለም።

ብሎክ 4፦ 4 ሳምንት? ማን ወሰነ?

ብሎክ 9፦ የመደቡን ቁመት ሳትለኩ እንዳትጽፉ። ነገ ጠዋት ኮሚናል ነኝ፤ ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ። አንቺም ነይ፣ የወገቡን አንዷን ታሳዪኛለሽ።