አካሺያ የሚለው ስም ለማን ይገባል? በግራር ስምና በታይፕ ናሙናው ላይ የተደረገ ክርክር

የክርክሩ መነሻ (የዕፅዋት ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ሀዋሳ)፦
በሀይቁ ዳርና በየግቢያችን ለቆሙት ግራሮች የስም ሰሌዳ እናዘጋጅ ስንል በሳይንሳዊ ስማቸው ላይ መስማማት አቃተን። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ (የአገሩን ዕፅዋት የሚዘረዝረው መጽሐፍ) ሦስተኛ ቅጽ ሁሉንም «አካሺያ» ይላቸዋል፤ የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ደግሞ «ቫቼሊያ» እና «ሴኔጋሊያ» ብለው ይከፍሏቸዋል። እኔ «አካሺያ» ይቆይ ባይ ነኝ። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ፊሊፕ ሚለር በ1754 የተጠቀመበት ይህ ስም የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ዲዮስቆሪዶስ ከጻፈለት የግብፅ ዛፍ የመጣ ሲሆን፣ ታይፕ፣ ማለትም ስሙ የታሰረበት መሠረት፣ ሆኖ የቆየውም የአፍሪካው አካሺያ ኒሎቲካ ነበር። በ2003 ግን ታይፑ በአውስትራሊያው አካሺያ ፔኒነርቪስ እንዲተካ ከዚያው ከአውስትራሊያ ሐሳብ ቀረበ፤ በ2005 በቪየና የተደረገው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤም ድምፅ ከሰጡት 54.9 በመቶ የሚሆኑት ቢቃወሙት እንኳ ሐሳቡ ጸደቀ። አብላጫው ድምፅ የተሸነፈበትን ውሳኔ እዚህ ሰሌዳ ላይ መቸንከር ይከብደኛል።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦
ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ድምፁ የተሰጠበት ጥያቄ ግን ተዘሏል። ሐሳቡን ጉዳዩ የሚመለከታቸው ኮሚቴዎች አስቀድመው መርምረው እንዲጸድቅ መክረው ስለነበር፣ ጉባኤው የተጠየቀው ያንን ምክር ይሽር እንደሆነ ነው፤ ለመሻር ደግሞ 60 በመቶ ያስፈልግ ነበር። ሥርዓቱን መንቀፍ ይቻላል፤ እኔም ቅር ያሰኘኛል። ሆኖም በ2011 በሜልቦርን ጉዳዩ እንደገና ተነሥቶ ውሳኔው ጸንቷል።

ታይፕ የሚባለውንም ነገር በልኩ እንየው። ታይፕ የወገኑ (የጂነሱ) ምርጥ ተወካይ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ ስሙ የታሰረበት ችካል ነውና ወገኑ ሲከፈል ስሙ ችካሉ ካለበት ክፍል ጋር ይቀራል። የዘረመል ጥናት የቀድሞው አካሺያ አንድ ወገን አለመሆኑን ስላሳየ መከፈሉ አይቀርም ነበር። ቀሪው ጥያቄ ማን ስሙን ይቀይር የሚል ነው። የአውስትራሊያዎቹ ዝርያዎች ወደ 1000 ይጠጋሉ፤ ዛሬ ቫቼሊያ የምንላቸው በዓለም ሁሉ ወደ 160 ገደማ ናቸው። ታይፑ ባይቀየር ኖሮ የአውስትራሊያዎቹ ሁሉ «ራኮስፐርማ» ተብለው ይሰየሙ ነበር።

የመነሻው ጸሐፊ፦
መምህር፣ በዝርያ ብዛት ከሆነ የቅድሚያ መርሕ ለምን ተጻፈ? ከ1753 ጀምሮ የቀደመ ስም ይጸናል የተባለው፣ ብዙ ዝርያ ያለው አገር ቀዳሚውን ገፍቶ እንዳይወስድ ጭምር አልነበረምን? የቫቼሊያ ነገር ደግሞ ይባሱን ያስገርማል፤ ስሙ በማካዎ ያገለግል ለነበረ እንግሊዛዊ ቄስ መታሰቢያ ሲሆን፣ ታይፑ ሽታው ለሽቶ የሚፈለገው ባለቢጫ አበባ የአሜሪካ ቁጥቋጦ፣ ፋርኔሲያና ነው። የስምጥ ሸለቆ ግራር በዚህ ዙሪያ ጥምጥም መጠራት አለበት?

የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ፦
እኛ ጋ ነገሩ ከዚህ ይለያል። በአገራችን ብዙ የሚተከሉት አካሺያ ሳሊግና እና በአዊ አካባቢ ገበሬው ለከሰል የሚያለማው አካሺያ ዲከረንስ ሁለቱም የአውስትራሊያ ዝርያዎች ናቸው፤ በአዲሱም ውሳኔ ስማቸው አልተነካም። የአገሩን ዛፍ ገበሬው ግራር ብሎ ይጠራል። ስለዚህ አዲሱን አከፋፈል ብንከተል በችግኝ መዝገባችን የመጤውና የአገሬው ዛፍ መለያየት ይቀልልናል። ስለ ክብር የሚነሣውን ለምሁራኑ ትቻለሁ።

የኸርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ) ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ ቅድሚያን ያነሣኸው በትክክል ነው፤ ነገር ግን ያው የስያሜ ሕግ ራሱ ስምንም ታይፕንም ከቅድሚያ ውጭ ጠብቆ ማቆየት ይፈቅዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የተለጠፈውን ናሙና ስመለከት ቫቼሊያ ከሆነ ከቅጠሉ ግርጌ ጥንድ እሾህ አገኛለሁ፤ አበባውም አብዛኛውን ጊዜ ድቡልቡል ነው። ሴኔጋሊያ ሴኔጋል ደግሞ ሦስት ቆልማማ እሾህ አለው፤ ሁለቱ ወደ ላይ ሲጠመዘዙ መካከለኛው ወደ ታች ይታጠፋል፤ ነጣ ያለው አበባውም እንደ ዘለላ የረዘመ ነው። አበባና ፍሬ የሌለው ቅርንጫፍ ሲመጣ ግን ከወገኑ አልፎ ዝርያውን መወሰን ጭንቅ ነው። ታይፑ ራሱ እንዲህ ጎዶሎ ከሆነ ስሙም አብሮት ይናጋል።

ከ1958 ወዲህ አዲስ ስም የሚያወጣ ሰው ታይፑን ለይቶ ማመልከት ግዴታው ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ብዙዎች አንዱን ሳይለዩ በርካታ ናሙና ጠቅሰው አልፈዋል። ለዚህ ነው ኋላ የመጣ ተመራማሪ ከነዚያው መካከል አንዱን «ሌክቶታይፕ» አድርጎ የሚመርጠው። ጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ሺምፐር ከ1837 ጀምሮ ከሰሜን ኢትዮጵያ የላካቸው ናሙናዎች በየአገሩ ኸርባሪየም ተበትነዋል፤ የበርሊኑ ኸርባሪየም በ1943 በቦምብ ሲቃጠል እንኳ ለብዙዎቹ ስሞች መተማመኛ የሆኑት እነዚያ ቅጂዎች ናቸው። ስለዚህ ሌክቶታይፕ የሚመርጥ ሰው የተጻፈውን መግለጫ ከናሙናው ጋር ያመሳክር፤ አበባና ፍሬ ያለውን ያስቀድም፤ የተሰበሰበበት ቦታም የሚታወቅ ይሁን።

መምህሩ፦
በዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ነው። የቀደመው ታይፕ ዝርያውን በእርግጠኝነት ለመለየት የማያስችል ሆኖ ሲገኝ ደጋፊ ናሙና፣ ማለትም «ኤፒታይፕ» መሰየም ይፈቀዳል። ያንን ናሙና ከነአበባና ፍሬው ሰብስቦ በአዲስ አበባው ብሔራዊ ኸርባሪየም ማስቀመጥ የሚችለው እዚሁ ያለ ሰው ነው።

የመነሻው ጸሐፊ፦
ለሰሌዳው አዲሱን ስም እቀበላለሁ፤ የ1989ኙን ፍሎራ ይዞ የሚመጣ ተማሪ እንዳይደናገር አሮጌው ስም በቅንፍ ይግባ። በቪየናው ድምፅ ላይ ያለኝ ተቃውሞ ግን እንዳለ ነው። መምህር፣ የኤፒታይፑን ነገር ካነሡ ዘንድ፣ ከአገራችን ግራሮች የየትኞቹ ታይፕ አጠራጣሪ እንደሆነ ዝርዝሩን ቢያወጡልን፣ የፍሬው ወቅት ሳያልፍ ለስብሰባው የምንወጣ አለን።