አንድ ሞተር በስምንት ወርክሾፕ፦ የጋራ ፕሮጀክታችን የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪው

ሰላም ለሁላችሁ፣ በየቤታችን ትንንሽ የሞዴል ሞተር የምንሠራ የማኅበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ የዘንድሮው ሥራ የጋራ እንዲሆን ተስማምተናል። እያንዳንዱ አባል በየቤቱ ለብቻው አንድ ሞተር ከሚሠራ፣ አንድ አንድ ዕቃ ለሁሉም ይሥራ። አንዱ ፍላይዊል (ዙሩን የሚያስቀጥለውን ከባድ ጎማ) ብቻ ያወጣል፣ ሌላው ሲሊንደር፣ ሌላው መቆሚያ። መጨረሻ ላይ ተሰብስበን እንገጥማለን፣ ሁሉም የራሱን ሞተር ይዞ ይገባል። ስምንት ነን፣ አሥር ሞተር እንሥራ። ሁለቱ የማኅበሩ ይሁኑ፣ አንዱ ለማሳያ፣ አንዱ ለመሞከሪያ።

ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እናርቅቀው። መጀመሪያ ግን የትኛው ሞተር? ያለ ይሉኝታ ተናገሩ።

ፑንታ

እኔ ልቤ ያለው ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተር ላይ ነው። ኦቶ በ1876 እ.ኤ.አ. ያስነሳው ዓይነት፣ በትንሹ። ተንዶቅድቆ ሲነሳ የሚሰጠውን ደስታ ሌላው አይሰጥም። ከሠራን አይቀር እሱን እንሥራ።

ጋሼ ሞረድ

ልጄ፣ ደስታውን አውቀዋለሁ። ለጋራ ሥራ ግን አይሆንም። ካም አለው፣ ቫልቭ አለው፣ ካርቡሬተር አለው፣ ማቀጣጠያ አለው። አልነሳም ያለ ቀን ጥፋቱ ከየትኛው ዕቃ እንደሆነ ማን ይፈርዳል? የቫልቩ ሠሪ ወደ ካሙ ይጠቁማል፣ የካሙ ሠሪ ወደ ማቀጣጠያው። ማኅበር የሚፈርሰው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ፣ ሲበላሽ ብልሽቱ በግልጽ የሚታይ ሞተር ይሻለናል።

ጀማሪዋ

ስተርሊንግስ? በሻማ ነበልባል የሚሽከረከር አይቼ በጣም ወድጄዋለሁ። እሳት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ኮምፕረሰርም አያስፈልገውም።

ማይክሮሜትር

ስተርሊንግ ቆንጆ ነው። ሮበርት ስተርሊንግ ፓተንቱን ያገኘው በ1816 እ.ኤ.አ. ነው፣ አሠራሩም እስከዛሬ ያስደምማል። ችግሩ ትንሹ ሞዴል የሚያመነጨው ጉልበት ኢምንት መሆኑ ነው። አንዱ ኩሽኔታ ትንሽ ከያዘ በቃ፣ ቆመ። ዕቃው ከስምንት ሰው እጅ ሲመጣ ደግሞ የሁሉም ሰበቃ ይደመራል። በሁለተኛው ዓመት እንየው።

የኔ ሐሳብ ሲሊንደሩ ራሱ የሚወዛወዘው የእንፋሎት ሞተር ነው። ቫልቭ የለውም። ሲሊንደሩ በአንድ ፒን ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል በጎኑ ያለው ቀዳዳ አንዴ ከማስገቢያው፣ አንዴ ከማስወጫው ጋር ይገጥማል። በታመቀ አየርም ይሠራል። ከሥራው ሲሶው ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠው ማሽን)፣ ሲሶው መቅደድ፣ የቀረው ትዕግሥት ነው።

ፍሬዛ

ተስማምቻለሁ። ፑንታ አኩርፎ ይሆናል እንጂ።

ፑንታ

አላኮረፍኩም። ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍልኝ፣ የሦስተኛው ዓመት ሞተር ቤንዚን ነው።

አስተባባሪው

ተጽፏል። ማይክሮሜትር፣ ልኩን አምጣው።

ማይክሮሜትር

የሲሊንደሩ ውስጥ 12 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምት 20። ስለዚህ የክራንኩ (የፒስቶኑን ምት ወደ ዙር የሚለውጠው ክፍል) ፒን ከመሃል 10 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ከክራንኩ መሃል እስከ ሲሊንደሩ መወዛወዣ ፒን 50 እናድርገው። 10 ለ50 ሲካፈል 0.2 ነው፣ ይህም ሲሊንደሩ ወዲህና ወዲያ ወደ 11.5 ዲግሪ ይወዛወዛል ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ልብ በሉ። በሲሊንደሩ ላይ የአየር ቀዳዳውን ከመወዛወዣው 14 ሚሊ ሜትር ካራቅነው፣ ቀዳዳው ከመሃል መስመር በየጎኑ 2.8 ይሄዳል። ስለዚህ በመቆሚያው ላይ ማስገቢያና ማስወጫው እርስ በርስ 5.6 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። የቀዳዳዎቹ ስፋት 2.5 ይሁን። ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲሊንደሩ ቀጥ ሲል የሲሊንደሩ ቀዳዳ ከሁለቱም 0.3 ሚሊ ሜትር ይርቃል፣ ይዘጋል። አንዱ በልማድ የ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ (መሰርሰሪያ) ቢያነሳ ግን በዚያች ቅጽበት ሁለቱም ይከፈታሉ፣ አየሩ ገብቶ ምንም ሳይሠራ ይወጣል። ሞተሩ ያፏጫል እንጂ አይዞርም።

ፍሬዛ

አንድ እርማት። የመቆሚያው ቀዳዳዎች ከመወዛወዣው ቀጥታ ወደ ላይ 14 ላይ አይሆኑም። የሲሊንደሩ ቀዳዳ የሚሄደው በቅስት ነው። በጎን 2.8 ሲሄድ ወደ ላይ የሚቀረው 13.72 ነው። 14 ብለን በካሬ ብንለካ ቀዳዳዎቹ ሳይገጥሙ ወደ ሩብ ሚሊ ሜትር ይሳሳታሉ።

ማይክሮሜትር

ልክ ነህ። ሥዕሉን አስተካክዬ እልካለሁ።

ጋሼ ሞረድ

ሥዕሉ ይቅር አላልኩም፣ ግን ስምንት ሰው 13.72ን በስምንት ዓይነት ያነባል። ቁጥር ከምንልክ ጅግ (የመቅደጃ መምሪያ) እንላክ። አንድ ጠንካራ ብረት፣ ጫፉ ላይ የመወዛወዣው ፒን ልክ ቀዳዳ፣ 14 ሚሊ ሜትር ላይ ደግሞ 2.5 ቀዳዳ ያለበት። ሲሊንደሩም በዚያው ይቀደዳል፣ መቆሚያውም በዚያው። መቆሚያው ላይ ጅጉን ፒኑ ላይ አድርጎ ወደ ግራ እስከ መመከቻው ማዞር፣ መቅደድ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ቅስቱ ራሱ ይመጣል፣ ሂሳብ የለም። ጅጉ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ሁሉም እኩል ይሳሳታል፣ ይገጥማልም።

ፍሬዛ

ይሄ ነገር ከሥዕሉ ይበልጣል። ጅጉን እኔ ልሥራ፣ አጠንክሬው።

ጀማሪዋ

ጥያቄ አለኝ። ፒስቶኑን አንዱ፣ ሲሊንደሩን ሌላው ከሠራ እንዴት ይገጥማል? የኔ ካሊፐር እስከ 0.02 ነው የሚያነበው፣ እሱንም ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለት መልስ ይሰጠኛል።

ማይክሮሜትር

የጠየቅሽው የፕሮጀክቱን ሆድ ነው። በ12 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ውስጥ ፒስቶኑ የሚፈልገው ክፍተት 0.02 አካባቢ ነው። በካሊፐር አይለካም። እያንዳንዱን ነገር ከሁሉም ጋር እንዲለዋወጥ ማድረግ ጥሩ ምኞት ነው፣ ለኛ ግን በሁሉም ቦታ አያስፈልግም።

ኢንዱስትሪው ራሱ እዚያ ለመድረስ ረጅም መንገድ ሄዷል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊትዎርዝ የብሎን ጥርስ አንድ ወጥ እንዲሆን ሐሳቡን ያቀረበው በ1841 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የአንዱ ፋብሪካ ዳዶ ለሌላው ብሎን እንዲገባ ማንም አይጠብቅም ነበር። ስዊድናዊው ዮሃንሶን መለኪያ ብሎኮቹን ያሰበው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ በስድስት ወር ያን ሁሉ አንደግምም።

ስለዚህ እንለይ። ሲሊንደርና ፒስቶን ከአንድ ሰው እጅ ይውጡ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቁጥር ይመቱ። ሲሊንደሩ በአንድ ሪመር (ቀዳዳን ወደ ትክክለኛ ልኩ የሚያደርስ መሣሪያ) ይጠናቀቅ፣ ፒስቶኑ ለየሲሊንደሩ በልኩ ይውጣ። የመወዛወዣ ፒን፣ የክራንኩ ዘንግ፣ የብሎን ቀዳዳዎች ግን እውነተኛ ተለዋዋጭ ይሁኑ።

ጋሼ ሞረድ

ለእነዚህ ደግሞ ገባ-አልገባ መለኪያ ይበቃል። ለ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አንዱ ጫፍ 6.000፣ ሌላው 6.012። ቀጭኑ ከገባ፣ ወፍራሙ እምቢ ካለ ጥሩ ነው። ማንበብ የለም፣ መከራከርም የለም። ዘንጉን ከተፈጨ ሲልቨር ስቲል (የመሣሪያ ብረት ዘንግ) እንቁረጠው፣ ልኩን ጠብቆ ስለሚመጣ ቶርኖ ላይ አንነካውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቶርኖ የወረደ ዕቃ ትኩስ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ነሐስ አሥር ዲግሪ ቢሞቅ ወደ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ዓለም በሙሉ ልክ የሚያወራው በ20 ዲግሪ ነው። እኛ ያን ያህል አንቸገርም፣ ግን ዕቃውና መለኪያው አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ይደሩ።

ባለ ኢንች ቶርኖ

ዘግይቼ ገባሁ። የኔ ማሽን በኢንች ነው፣ መንኮራኩሩ ላይ አንዷ መስመር 0.001 ኢንች ናት። ልወጣ እንዴ?

ፍሬዛ

የትም አትሄድም። አንዷ መስመርህ 0.0254 ሚሊ ሜትር ናት፣ መጨረሻውን በማይክሮሜትር መለኪያ ታረጋግጣለህ። ጥርሱን ቶርኖ ላይ አንቆርጥም፣ ሁሉም ብሎን ኤም3 እና ኤም4 (ባለ 3 እና ባለ 4 ሚሊ ሜትር) ይሁን፣ ጥርሱ በማስኪዮ (በጥርስ ማውጫ) ይውጣ። ለኤም3 በ2.5 ፑንታ፣ ለኤም4 በ3.3 ይቀደዳል። 2.5 ፑንታዋ ለአየር ቀዳዳውም ናት፣ ተጠባባቂ ይኑራችሁ። ቀጭን ስለሆነች ትሰበራለች፣ የምትሰበረውም ሁልጊዜ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ነው።

አስተባባሪው

የማቴሪያሉን ነገር እንቋጨው። የታሰበው ሲሊንደር ነሐስ፣ ፒስቶን ብረት ነው። ሁለቱንም ነሐስ ብናደርግስ? ለመቁረጥ ይቀላል።

ማይክሮሜትር

አንድ ዓይነት ብረት ለብረት ሲፈጭ ይነካከሳል፣ ይቧጭራል። ደግሞም አንድ ቀን በእንፋሎት እንሞክረው ካልን፣ ነሐስ ከብረት የበለጠ ስለሚሰፋ ነሐሱ ውጪ፣ ብረቱ ውስጥ መሆኑ ይጠቅመናል። ክፍተቱ ይሰፋል እንጂ አይነክስም። ቢገለበጥ ግን ሞቆ ይጣበቃል።

ፑንታ

እንፋሎት ካልን ቦይለሩንስ ማን ይሠራል? እኔ የመዳብ ቱቦ አለኝ።

ጋሼ ሞረድ

በዚህ ፕሮጀክት ማንም አይሠራም። ይሄ ሰነዱ ውስጥ በግልጽ ይግባ። ቦይለር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በ3 ባር የሚሠራ ቦይለር ውስጥ ውሃው ወደ 144 ዲግሪ ይሞቃል። ተራ የቆርቆሮ ብየዳ 183 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ይዝላል። ውሃው ካለቀና እሳቱ ከቀጠለ ደግሞ የብረቱ ሙቀት ሽቅብ ይሄዳል። መጋጠሚያው በብር ብየዳ ነው የሚሠራው። ከዚያም በእሳት ከመነካቱ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ከሥራው ግፊት እጥፍ ተሞልቶ ይፈተናል። በአየር መፈተን አይሞከርም። ውሃ ስለማይታመቅ ቢቀደድ ጠብ ብሎ ያበቃል። አየር ግን ያጠራቀመውን ጉልበት በአንዴ ይለቃል፣ ብረቱንም ይዞ።

ፑንታ

እሺ ጋሼ። ቱቦው ይቀመጥ።

ጀማሪዋ

እኔ ምን ልሥራ? ቶርኖዬ ትንሽ ናት፣ ሚሊንግ የለኝም።

ጋሼ ሞረድ

ፍላይዊሉን። ቀላል እንዳይመስልሽ፣ ሰው ዓይን የሚገባው እሱ ነው። ሞተሩ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚገፋ ግማሹን ዙር የሚያሻግረው ይኸው ክብደት ነው። ዲያሜትሩ 60፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት ወደ 270 ግራም ይመዝናል፣ ይበቃል። በሃይስፒድ መቁረጫ በደቂቃ ከ130 ዙር ብዙ አትለፊ። የመሃሉን ቀዳዳና ፊቱን ከቻኩ (ዕቃውን ከሚይዘው መንጋጋ) ሳታወጪ በአንድ አያያዝ ጨርሺ። አውጥተሽ ገልብጠሽ ከያዝሽው ሲሽከረከር ይንገዳገዳል፣ ያም ከሩቅ ይታያል። ጓንት አድርገሽ ቶርኖ አትንኪ፣ የቻኩን ቁልፍም እጅሽ ሳይለቀው አውጪው።

አስተባባሪው

እንግዲህ እስካሁን ከተባለው ያረቀቅሁት ይኸውና።

«ማኅበሩ በስድስት ወር ውስጥ አሥር ተወዛዋዥ ሲሊንደር ያላቸው ሞተሮች በጋራ ይሠራል። እያንዳንዱ አባል አንድ ዓይነት ዕቃ በአሥራ ሁለት ቁጥር ያወጣል፣ ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው። ሲሊንደርና ፒስቶን ከአንድ ሠሪ በጥንድ ይመጣሉ። የአየር ቀዳዳዎች በሙሉ በአንድ ጅግ ይቀደዳሉ። የዘንግና የፒን ቀዳዳዎች በማኅበሩ መለኪያ ካልተፈተሹ አይረከቡም። ሞተሩ በአየር ብቻ ይሞከራል፣ ግፊቱ ከ2 ባር አያልፍም፣ መስመሩ ላይ መቀነሻና ማስተንፈሻ ቫልቭ ይኖራል። ቦይለር የዚህ ሐሳብ አካል አይደለም።»

የጎደለ?

ማይክሮሜትር

ርክክቡ በመሃል ይሁን እንጂ በመጨረሻ አይሁን። ሁሉም አሥራ ሁለቱን ጨርሶ ከሚያመጣ፣ መጀመሪያ አንድ አንድ እናውጣና አንድ ሞተር እንግጠም። እሱ በ1 ባር አሥር ደቂቃ ሳይቆም ከዞረ የቀሩት ይቀጥላሉ። ካልዞረ አንድ ዕቃ ነው የሚጣለው፣ አሥራ ሁለት አይደለም።

ጋሼ ሞረድ

ይግባ። የሲሊንደሩንና የመቆሚያውን ፊት ደግሞ ሠሪዎቹ በወፍራም መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ። በትንሹ ሰማያዊ ቀለም ቀብታችሁ ስታገጥሙ ቀለሙ ሙሉውን ፊት ካልነካ አየሩ እዚያ ነው የሚያመልጠው። ሲሊንደሩን ከመቆሚያው ጋር የሚያጣብቀውን ስፕሪንግ በማጥበቅ ልትደብቁት ትሞክራላችሁ፣ ያኔ ሰበቃው ሞተሩን ይይዘዋል።

ፍሬዛ

እኔ መቆሚያውና ጅጉ። ማይክሮሜትር ሲሊንደርና ፒስቶን። ባለ ኢንች ቶርኖ የክራንኩን ዲስክ። ፑንታ?

ፑንታ

ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) እና መወዛወዣ ፒን። ብዙ ቀዳዳ ያለበትን ስጡኝ፣ ስሜ ነው።

አስተባባሪው

መሠረቱንና ስፕሪንጉን እኔና ቀሪው አባል እንይዛለን። መለኪያዎቹን ጋሼ። ጅጉ ሲያልቅ መጀመሪያ ወደ ማን ይሂድ?

ጀማሪዋ

ለማይክሮሜትር ስጡት፣ ፍላይዊል ጅግ አይፈልግም። ያለኝን ብረት ለካሁት፣ ዲያሜትሩ 63 ነው፣ ከእሱ 60 ይወጣል። የ6 ሚሊ ሜትሩ ሪመር ያለው ሰው ግን ቢያውሰኝ።

ጋሼ ሞረድ

እኔ ዘንድ አለ። ቀዳዳውን በ5.8 ቅደጂና ነይ ውሰጂው።