የክሊን ሩም ፋን ሌሊት መቀነስ ይቻላል ወይስ 20 ኤር ቼንጅ ሕግ ነው?

ቴክኒክ_ክፍል፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ አንድ የኪኒን ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ ነኝ። ማምረቻ ክፍሎቻችን ክሊን ሩም (የአየሩ ብናኝ የሚገደብበት ክፍል) ናቸው፣ በዓለም አቀፉ የንጽህና ደረጃ አይኤስኦ 8። ኤኤችዩዎቹ (አየር አጣርተው ወደ ክፍሉ የሚነፉት ማሽኖች) ቀን ከሌት በአንድ ፍጥነት ነው የሚሠሩት፣ እሁድ የለ በዓል የለ። ማታ ሰው ወጥቷል፣ ማሽኑ ቆሟል፣ ፋኑ ግን ባዶ ክፍል ላይ ይነፍሳል። ኢንቨርተር (የፋን ፍጥነት መቀያየሪያ) እኮ አለን! ከተገጠመ ጀምሮ 50 ኸርዝ ላይ ነው፤ አየሩ ሲበዛባቸው ዳምፐሩን (የአየር መንገዱን መዝጊያ) ከፊል ዘግተው ትተውታል። ማታ ማታ ልቀንሰው ብል ኪውኤዎቹ (የጥራት ማረጋገጫ ሰዎቹ) «በሰዓት 20 ጊዜ አየር መቀየር ሕግ ነው፣ ኦዲት ላይ ጉድ ታደርገናለህ» ብለው አስቆሙኝ። እውነት ሕግ ነው? ካልሆነስ ከየት ልጀምር?

ሄፓ_14፦
ሕግ አይደለም ወንድሜ። አይኤስኦ 14644-1 የሚቆጥረው ብናኝ ነው። ለ8ኛው ደረጃ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.5 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነ ብናኝ ከ3,520,000 አይለፍ ይላል፣ በቃ። ስንቴ ቀይር አይልም። 20 የምትለዋ ቁጥር የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2004 ባወጣው መመሪያ ላይ አለች፤ እሱ ደግሞ የሚያወራው ስለ ስቴራይል (ከጀርም ነጻ መሆን ያለበት) መድኃኒት ነው። ስቴራይል ላልሆነ የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቅሰው ከ6 እስከ 20 ነው። እንዲያውም በ2019 የወጣ 14644-16 የሚባል አለ፣ ከዳር እስከ ዳር ስለ ክሊን ሩም ኃይል ቁጠባ ነው። አትመህ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥላቸው።

መጀመሪያ ዳምፐሩን ክፈት፣ ከዛ ፍጥነቱን በኢንቨርተሩ አውርድ። አሁን የምታደርጉት ነዳጅ እየረገጡ ፍሬን መያዝ ነው። ፋን የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ኪዩብ ጋር ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ከ50 ወደ 40 ኸርዝ ብታወርደው በወረቀት ደረጃ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በተግባር ቁጠባው ትንሽ ያንሳል፣ ምክንያቱም አየሩን ስትቀንስ ሄፓው (ደቃቅ ብናኝ የሚይዘው ማጣሪያ) ላይ ያለው የግፊት ብክነት እንደ ዳክቱ (የአየር ቱቦው) በካሬ አይወርድም። ቢሆንም ብዙ ብር ነው።

ኪውኤ_ነኝ_አትሳደቡ፦
እኛም እኮ ጠላት አይደለንም። የሚያስፈራን ያለ ቼንጅ ኮንትሮል (ለውጡ ተጽፎ ሳይፈቀድ) ሌሊት ገብቶ ቁልፍ የሚነካ ሰው ነው። ግፊቱ ማታም እንደማይገለበጥ አሳየኝ። ዱቄት የሚነሳበት ክፍል ግፊቱ ከኮሪደሩ ማነስ አለበት አይደል? ማታ የአቧራ መሳቢያው ሲጠፋ ከክፍሉ የሚወጣው አየር ይቀንሳል፣ የሚገባው ባለበት ከቀጠለ ግፊቱ ይገለበጥና ዱቄቱ ኮሪደር ላይ ነው የሚያድረው። ስለዚህ የሚገባውና የሚወጣው አብረው ይውረዱ። ጠዋት ፍጥነቱ ከተመለሰ በኋላ ክፍሉ በስንት ደቂቃ እንደሚጠራ ደግሞ በፓርቲክል ካውንተር (ብናኝ ቆጣሪ) ተለክቶ ይጻፍ። እርጥበቱም አለ፣ በተለይ ውሃ ውስጥ አረፋ እየሠራ የሚሟሟውን ኪኒን የምትሠሩ ከሆነ። መቀነስ እሺ፣ ጭራሽ ማጥፋት ግን እኔ አልፈርምም።

ባላንሲንግ፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። አየሩን በምንድነው የምትለኩት? በፒቶ ቱቦ (በግፊት የአየር ፍጥነት የሚለካ) ከሆነ መሣሪያው ላይ የአየር ዴንሲቲ (የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት በኪሎ) ስንት ተብሎ እንደተሞላ እይ። ብዙ ጊዜ ሲመጣ 1.2 ነው፣ የባሕር ጠለል ቁጥር። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ 0.9 አካባቢ ነው። ሳታስተካክል ከለካህ እውነተኛው ፍጥነት ከምታየው በ15 በመቶ ገደማ ይበልጣል። 20 ነው የምትሉት 23 ሊሆን ይችላል ማለት ነው! ያልተስተካከለ ሆት ዋየር (በጋለ ሽቦ የሚለካ) ከሆነማ ልዩነቱ ይብሳል። እንግዲህ ኪውኤም ሳትቆጣ ቀንም የምትቀንሰው አለህ። ብቻ ቀጭን አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። ማሽን የሚያሞቀው ክፍል ላይ ከብናኙ በፊት የሚያስቸግርህ ሙቀቱ ነው።

ቴክኒክ_ክፍል፦
ሄጄ አየሁት፣ 1.2 ነው የሚለው። የዘንድሮ ሪፖርት በሙሉ በሱ ነው የተለካው ጉድ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሪተርን ፋን (አየሩን ወደ ኤኤችዩው የሚመልስ) የለንም፣ ኤግዞስት (ወደ ውጭ የሚያስወጣው) ብቻ ነው ያለን፣ አብረው ይውረዱ የተባለው እንዴት ይሆናል?

ሄፓ_14፦
ኤግዞስቱ ላይ ባለ ሞተር ዳምፐር ግጠምና ከኮሪደሩ ጋር ባለው የግፊት ልዩነት ይታዘዝ፣ 15 ፓስካል ላይ አድርገው። በአንድ ኤኤችዩ ብቻ ጀምር፣ ዱቄት የማይበዛበት ማሸጊያው ቢሆን ይሻላል። ከመንካትህ በፊት ግን የሳምንት የቆጣሪ ንባብ ያዝ፣ አለዚያ አለቃህ ብሩ በአንተ ሥራ መቀነሱን አያምንም።